ከትልቅ የኦንላይን መደብር ስንገዛ ሻጫችን ማን ነው? ጥቅሙንም ጉዳቱንም የምታውቁ ጻፉ

ባለላፕቶፑ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ከደረሰብኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ንዴቱ በረድ እስኪልልኝ ጠብቄ ነው የምጽፈው።

ከአንድ ትልቅ የኦንላይን መደብር ዕቃ ማዘዝ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የእናቴን የደም ግፊት መለኪያ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉንም ከዚያ ነው የገዛሁት። ብዙውን ጊዜም ተደስቻለሁ። ባለፈው ዓመት የላፕቶፔ ባትሪ ደከመና አዲስ ፈለግኩ። «ኦሪጅናል» የሚል፣ አራት ኮከብ ተኩል ያገኘ፣ ከሺህ በላይ ሰው አስተያየት የጻፈበት አገኘሁ። አዘዝኩ፣ በማግስቱ ደረሰ፣ ገጠምኩት፣ ሠራ።

በአምስተኛው ወር ታችፓዱ አልጫን አለኝ። አቧራ የገባበት መስሎኝ በጨርቅ ጠራረግኩት። ቀጥሎ ክዳኑ አልገጥም አለ፤ ስዘጋው አንደኛው ጥግ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ክፍት ይቀራል። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠውም አንድ እግሩ እንደጎደለ ወንበር ይንገዳገዳል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ የታችኛውን ሽፋን ሳነሳው ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቶ ታችፓዱን ከሥሩ ወደ ላይ እየገፋው ነበር። ጣፋጭ ነገር የሚመስል፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታም ነበረው። ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ። ልጄ ማታ ማታ አልጋው ውስጥ ሆኖ ፊልም የሚያየው በዚህ ላፕቶፕ ነው።

ለመደብሩ ጻፍኩ። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነው፦ ዕቃውን የሸጠልኝ ሌላ ነጋዴ ነው፣ የመመለሻ ጊዜውም አልፏል፣ ነጋዴውን ራሱን ባነጋግር ይሻላል። የነጋዴውን ገጽ ስከፍት የለም፤ ጠፍቷል። ካርቶኑ የመደብሩ፣ ማሸጊያው የመደብሩ፣ ያመጣው መኪና የመደብሩ፣ ገንዘቤን የተቀበለው መደብሩ። እኔ ከሌላ ሰው መግዛቴን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

መግዛቱን ጨርሼ ልተወው አልፈልግም፤ ሥራዬና ኑሮዬ አይፈቅዱልኝም። ግን እንዴት ነው የምትገዙት? ምኑን ትገዛላችሁ፣ ምኑን ትተዋላችሁ?


አንብቦ ገዢ

ወንድሜ፣ እንኳን አንተም ልጅህም ተረፋችሁ። ሌላው ሁሉ ይደረስበታል።

የደረሰብህ ነገር ሥሩ አንድ ቦታ ላይ ነው። «ትልቁ መደብር» የምንለው ነገር መደብርም ነው፣ ገበያም ነው። ለምሳሌ አማዞን በ1995 ድረ ገጹን ሲከፍት የሚሸጠው መጽሐፍ ነበር፣ ሻጩም ራሱ ነበር። በ2000 መጨረሻ ግን ለሌሎች ነጋዴዎች በሩን ከፈተ። ዛሬ እዚያ ከሚሸጠው ዕቃ በብዛት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእነዚያ ነጋዴዎች ነው። የአሜሪካው ትልቅ መደብር ዋልማርትም በ2009 ይህንኑ አሠራር ጀምሯል። ነጋዴው ዕቃውን ወደ መደብሩ መጋዘን ይልካል፤ መደብሩ ያሽጋል፣ ያደርሳል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ድርሻውን ቆርጦ የቀረውን ለነጋዴው ይሰጣል። ካርቶን አይተህ ሻጩን ማወቅ የማትችለው ለዚህ ነው።

እኔ የማየው ሁለት ትንንሽ መስመር ነው። ከመግዣው ቁልፍ አጠገብ አንዱ «የሚሸጠው» ይላል፣ ሌላው «የሚልከው» ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን አንብቦ የመደብሩን ስም ሲያይ ልቡ ያርፋል። ማየት ያለብህ የመጀመሪያውን ነው። እዚያ ላይ የማታውቀው ስም ካለ ተጫነውና የነጋዴውን ገጽ ክፈት፦ መቼ እንደጀመረ፣ ሌላ ምን እንደሚሸጥ፣ አድራሻ እንዳለው ተመልከት። ዛሬ ባትሪ፣ ትናንት የሕፃን ጫማ፣ ከትናንት ወዲያ የፀጉር ማድረቂያ የሚሸጥ ከሆነ ስለ ባትሪ ምንም አያውቅም ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በአንድ የዕቃ ገጽ ላይ ብዙ ሻጮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ መግዣው ቁልፍ ላይ የሚቀመጠውን አንዱን የሚመርጠው የመደብሩ ሲስተም ነው። ባለፈው ወር በዚያው ገጽ ገብተህ ከታማኝ ሻጭ ገዝተህ ይሆናል፣ ዛሬ ግን ያው ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ይወስድሃል። ዕቃ ስትደግም እንኳ መስመሯን እንደገና አንብባት።


ዓለም በቤቴ

ልጄ፣ የጻፍከውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። የባትሪ ነገር አይናቅም።

እኔ ደግሞ የመልካሙን ጎን ልናገር፤ እዚህ ክር ላይ ክፉ ክፉው ብቻ እንዳይቀር። ሁለቱም ጉልበቶቼ ከተበላሹ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ደረጃ መውረድ ፈተና ነው፤ መውጣቱን ተዉት። በፊት አንድ አምፖል ሲቃጠልብኝ፣ አንድ የቤት ጫማ ሲያስፈልገኝ ሰው እለምን ነበር። ልጆቼ «እሺ እማዬ» ይላሉ፣ ከዚያ ሥራ ይይዛቸዋል፣ እኔም ደግሜ ለመጠየቅ እሳቀቃለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በጨለማ መታጠቢያ ቤት የገባሁበት ጊዜ ነበር። አንድ አምፖል ለማስገዛት መሳቀቅ ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳንስ ያላየው አያውቀውም።

አሁን ስልኬ ላይ ፊደሉን አተልቄ ራሴ አዝዛለሁ። በጀርባ ሕመም ለተያዘ ሰው የሚሆን ረጅም እጀታ ያለው የጫማ ማንኪያ እንዳለ እንኳ ያወቅኩት እዚያ ነው፤ በእግሬ ብዞር ማን ያሳየኛል? የመታጠቢያ ቤት መያዣ ብረትም፣ የማያንሸራትት ምንጣፍም፣ ሁሉም በሬ ላይ መጣ። በጤነኛ እግሩ የሚሄድ ሰው «ወጣ ብለሽ ግዢ» ሲለኝ ይከፋኛል።

የምጠላው ነገር ቢኖር መመለሱን ነው። ዕቃው ወደ እኔ ሲመጣ እስከ በሬ ይመጣል፤ ስመልሰው ግን «እዚህ ቦታ ወስደው ያስረክቡ» ይሉኛል። መሄድ ብችል መጀመሪያውኑ ሄጄ እገዛ አልነበረም? የሚመለሰውን ከበር ላይ መጥተው የሚወስዱ አሉ፤ ከማዘዜ በፊት አሁን ይህን ነው የማነበው።


መጋዘን ነበርኩ

እማማ የመመለሱን ነገር ስላነሱ እኔ ያየሁትን ልጨምር። በአንድ ትልቅ የኦንላይን ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም። የመጨረሻውን አንድ ዓመት የቆምኩት የተመለሰ ዕቃ በሚፈተሽበት ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ካርቶኑ በማጓጓዣው ቀበቶ ይመጣል። ኮዱን ስካን ታደርጋለህ፣ ስክሪኑ ላይ ገዢው የመረጠው ምክንያት ይወጣል፦ «አልወደድኩትም»፣ «ተበላሽቷል»፣ «ልኩ አይደለም»። ትከፍታለህ፣ ታያለህ፣ ትወስናለህ። ያን ጊዜ የነበሩን መንገዶች አራት ናቸው። ያልተከፈተው እንደ አዲስ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የተከፈተው ግን ደህና የሆነው «ያገለገለ» ተብሎ በቅናሽ ይሸጣል። ሦስተኛው በትልልቅ ጣውላ ላይ ተከምሮ ለጅምላ ገዢ ይሄዳል። የቀረው ይወገዳል። ለመወሰን የሚሰጠን ጊዜ ለመክፈትና ለመዝጋት እንኳ የማይበቃ ነበር፤ በሰዓት ስንት እንደሠራህ ከራስህ በላይ ይቆጠራል፣ ይጻፋል። በዚያ ጥድፊያ የአንድ ባትሪ መለያ ቁጥር ከፋብሪካው ጋር ተመሳክሯል ብሎ የሚያምን ካለ እኔ አላየሁም።

አንድ ቀን የመጣልኝ የስልክ ካርቶን ክብደቱ ልክ ነው፣ ፕላስቲኩ በእሳት ተተኩሶ እንደ አዲስ ታሽጓል። ጠርዙ ላይ የቀለጠ ጥቁር ነጥብ ባላይ ኖሮ አልፈው ነበር። ስከፍተው ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ቁራጭ ነው። ያንን እኔ ያዝኩት፤ ከእኔ አጠገብ ያለው ልጅ ግን ያን ቀን ሌላ አንድ ያልያዘው ሊኖር ይችላል። ያ ካርቶን እንደ አዲስ ተመልሶ ቢሄድ የሚቀጥለው ገዢ «ሸክላ ላኩልኝ» ሲል ማን ያምነዋል?

ስለዚህ ምክሬ፦ ውድ ዕቃ ሲደርስህ ካርቶኑን ስትከፍት በስልክህ ቪዲዮ ቅረጽ። አድራሻው የተጻፈበትን ወገን አሳይ፣ ሳትቆርጥ እስከ ዕቃው ድረስ ቀጥል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ሠራተኛው ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ክሩ የገዢ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ። «በማግስቱ ይደርሳል» የሚለው ቃል የሚጠበቀው በሰው ወገብ ነው። ካልቸኮልክ፣ ዘግየት ብሎ የሚደርሰውን አማራጭ ምረጥ። ብዙ ዕቃ በአንድ ካርቶን ይመጣልሃል፤ እኛም ጋ አንድ ቀን የሚቆይ ትዕዛዝ እፎይታ ነበር።


ቸኩሎ አላፊ

ባትሪና ቻርጀር ከላፕቶፑ ፋብሪካ ድረ ገጽ ብቻ! ሌላውን ከየትም ግዙ። አበቃ።


ትንሿ ሻጭ

ቸኩሎ አላፊ፣ ባትሪውን በተመለከተ እስማማለሁ። ግን በትልቁ መደብር ላይ የሚሸጥ ሌላ ነጋዴ ሁሉ አጭበርባሪ ተደርጎ እንዳይታሰብ እኔ ራሴ አንዷ ነኝ። በእጄ የምሰፋቸውን የቆዳ ቦርሳዎች ነው የምሸጠው።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያ መደብር ባይኖር ኖሮ ቦርሳዬን የሚያየው የማውቀው ሰው ብቻ ነበር። አሁን ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው፣ በማልደርስበት አገር፣ የእኔን ስፌት ተሸክሞ ይሄዳል። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲመጣ ሌሊት ነበር፤ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። ይህን ውለታ አልክድም።

ክፍያው ግን ከባድ ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ይቆረጣል፣ ለመጋዘን ቦታ ይቆረጣል፣ ለማድረስ ይቆረጣል፤ ይህም ሁሉ ሆኖ ፍለጋው ላይ ከፊት ለመውጣት ለማስታወቂያ መክፈል አለብኝ። ካልከፈልኩ ገዢው የቦርሳዬን ስም አስተካክሎ ቢጽፍ እንኳ ከላይ የሚያየው የሌላ ሰው ቦርሳ ነው። እናንተ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው ዕቃ ምርጡ ይመስላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ በደቃቅ ፊደል «ማስታወቂያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ወደ ታች ውረዱ።

የሚያሳምመኝ ሌላው ነገር የእኔን ዲዛይን ቀድቶ በርካሽ የሚሸጥ ሰው በሦስት ወር ውስጥ መምጣቱ ነው። መደብሩ ራሱም የነጋዴዎቹን መረጃ እያየ ይፎካከራል የሚለው ክስ ባዶ አልነበረም። የአውሮፓ ኮሚሽን ይህን መርምሮ፣ አማዞንን በታኅሣሥ 2022 የሌሎች ሻጮችን ይፋ ያልሆነ መረጃ ለራሱ ንግድ እንዳይጠቀምበት ቃል አስገብቶታል።

እባካችሁ፣ ዕቃውን ወዳችሁት ከሆነ ሁለት መስመር አስተያየት ጻፉ። የተደሰተ ገዢ ዝም ይላል፣ የተናደደው ይጽፋል፤ አንድ «ካርቶኑ ተቀዳዶ መጣ» የሚል አንድ ኮከብ የሁለት ወር ሥራዬን ያወርደዋል። ካርቶኑን ደግሞ ያሸግኩት እኔ አይደለሁም።


ባለላፕቶፑ

እህቴ ትንሿ ሻጭ፣ አመሰግናለሁ፤ ይህን ወገን አስቤው አላውቅም ነበር። መጋዘን ነበርኩ፣ የቪዲዮውን ነገር ዛሬውኑ ጀምሬዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ እኮ በጭፍን አልገዛሁም፤ አስተያየቶቹን አንብቤያለሁ። ከሺህ በላይ ሰው እንዴት አንድ ላይ ይሳሳታል?


አንብቦ ገዢ

ሺዎቹ ያልተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ ሌላ ዕቃ እየተናገሩ ከሆነስ?

ገጹ ካለ ተመልሰህ አስተያየቶቹን ከአዲስ ወደ አሮጌ ሳይሆን ከአሮጌው ጀምረህ አንብብ። እኔ አንድ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫ ልገዛ ስል የድሮዎቹ አስተያየቶች «ለድመቴ ተስማምቷታል» ይላሉ። ገጹ ድሮ የእንስሳት ብሩሽ ይሸጥበት ነበር። ነጋዴው ኮከቦቹን እንዳያጣ ገጹን ትቶ ዕቃውን ቀየረ። ሌላው መንገድ ደግሞ አዲስ ዕቃን የቆየ ዕቃ «ሌላ ቀለም» ወይም «ሌላ መጠን» አስመስሎ አንድ ገጽ ላይ ማጣበቅ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 በዚህ ዘዴ አዲስ ምርቶቹን ከታወቁት ጋር ያጣበቀ አንድ የቫይታሚን ነጋዴን 600,000 ዶላር አስከፍሎታል። የሐሰት አስተያየት መሸጥና መግዛትን በግልጽ የሚከለክለው የኮሚሽኑ ደንብም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ደንብ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ማጣራቱ ግን አሁንም የእኛ ነው።

እኔ አምስት ኮከቦቹንም አንድ ኮከቦቹንም ብዙ አላምንም። ሦስት ኮከብ የሰጠው ሰው ነው የሚጠቅመኝ። ተደስቷል ግን ቅር ያለው ነገር አለ፤ ያንን ቅር ያለውን ዘርዝሮ ይጽፋል። ባትሪ ከሆነ ደግሞ «ዛሬ ደረሰኝ፣ በጣም ጥሩ ነው» የሚል ምንም አይነግርህም። «ስድስት ወር ተጠቀምኩበት» የሚለውን ፈልግ። ያንተ ባትሪ አምስተኛ ወሩ ላይ ነው የተነፋው፤ ኮከብ የሰጡት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የሰጡት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የቸኮለ አስተያየት ሌላውንም ገዢ ያስለቅማል።


መጽሐፍ ወዳድ

ሁላችሁም ስለ ዕቃው ጥራት ትናገራላችሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ርካሽነቱ ነው። ርካሽ ሲሆን ደስ ይለናል፣ ማን እየከፈለልን እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

የሕፃናት ዳይፐር በኦንላይን የሚሸጥ ዳይፐርስ የሚባል ድርጅት ነበር። ወላጆች ይወዱት ነበር። አማዞን የዳይፐር ዋጋውን በኃይል ዝቅ አደረገ፤ ትንሹ ድርጅት ያንን መቋቋም አቃተውና በ2010 ባለቤቱ የሆነው ኩባንያ ራሱን ለአማዞን ሸጠ፣ በ545 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በ2017 አማዞን ዘጋው። ይህ በአሜሪካ ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ሥር ያለው ንዑስ ኮሚቴ በጥቅምት 2020 ባወጣው ሪፖርት ላይ በዝርዝር ተጽፏል። ዋጋው የወረደው ለወላጅ ታዝኖ አልነበረም። ተፎካካሪው ሲጠፋ ዋጋው ምን እንደሚሆን የሚወስነው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

ፈረንሳዮች በመጽሐፍ ላይ ይህን ተረድተው በ2014 ቅናሽ የተደረገበትን መጽሐፍ በነፃ ማድረስ ከለከሉ። አማዞን ምን አደረገ? የማድረሻ ዋጋውን አንድ ሳንቲም አደረገው። ሕጉ ለዓመታት ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ግን ከ35 ዩሮ በታች ለሆነ የመጽሐፍ ትዕዛዝ ቢያንስ ሦስት ዩሮ ማስከፈል ግዴታ ሆነ። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ ደስ አለኝ፤ መጽሐፍ አገላብጦ፣ ሻጩን አነጋግሮ መግዛት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ኢመጽሐፍ ለምትገዙ ደግሞ፦ በ2009 አማዞን የአንድ ደራሲን ሁለት መጻሕፍት ከሰው ኪንድል (የአማዞን የኢመጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ያቀረበው ነጋዴ መብቱ አልነበረውም፣ ገንዘቡም ተመልሷል፤ መሥራቹ ጄፍ ቤዞስም በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ግን አስቡት። የወረቀት መጽሐፍ የሸጠልህ ሰው ሌሊት ቤትህ ገብቶ ከመደርደሪያህ ላይ ሊያወርደው አይችልም።


ዓለም በቤቴ

ልጄ መጽሐፍ ወዳድ፣ የምትለው እውነት ነው፤ አልጣላህም። ግን ሦስት ዩሮዋን ደስ ብሎህ ስትከፍል፣ ሄዶ ማገላበጥ የማይችለውም ከአንተ እኩል ይከፍላል። ለእኔ ማድረስ የቅንጦት ነገር አይደለም። ሕግ ሲወጣ የእኛንም ጉልበት የሚያስብ ቢኖር እወዳለሁ።


መጽሐፍ ወዳድ

እማማ፣ ልክ ነዎት። ይህን አላሰብኩትም ነበር። በሕመም ወይም በዕድሜ ምክንያት መውጣት ለማይችል ሰው ማድረሻው በነፃ ቢሆን አልቃወምም፤ ደስም ይለኛል። የእርስዎን ከእኔ ስንፍና ጋር አንድ ላይ ማየቴ ስህተት ነበር።


ሕግ አጥኚ

ባለላፕቶፑን የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ የምታውቁትን አገር ሕግ ፈልጉ፣ መደብሩ የሚጽፍላችሁን ብቻ አትመኑ።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ በኦንላይን የገዛኸውን ዕቃ ከተረከብክበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት የመሰረዝ መብት አለህ፤ ይህ መደብሩ የሚሰጥህ ችሮታ ሳይሆን ሕግ ነው። ዕቃው ጉድለት ካለበት ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዋስትና አለ፤ «የመመለሻ ጊዜው አልፏል» የሚለው መልስ ይህን ዋስትና አይሰርዘውም። ሰዎች ሁለቱን ያምታቷቸዋል፣ ደንበኛ አገልግሎቱም ሲያምታታ አይቻለሁ። ዋስትናው ግን በሻጩ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው «የሚሸጠው» የምትለው መስመር ዋጋ ያላት። አሜሪካ ውስጥ በኦንላይን የተገዛ ዕቃን ሐሳብ ቀይሮ ለመመለስ አጠቃላይ የፌዴራል መብት የለም፤ መደብሩ ራሱ ባወጣው ፖሊሲ ነው የሚኖረው። ብሪታንያ ውስጥ በክሬዲት ካርድ ከከፈልክና ዕቃው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ከሆነ፣ በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ካርድ ሰጪውን ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። በመሃል ሌላ ገንዘብ ተቀባይ ከገባ ግን ክርክር ይነሳል።

ዋናው ጥያቄህ ግን «መደብሩ ለሌላ ነጋዴ ዕቃ ተጠያቂ ነው ወይ?» የሚለው ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በሐምሌ 2024 አማዞን በመጋዘኑ አስቀምጦ ለሚልካቸው የሌሎች ነጋዴዎች ዕቃዎች «አከፋፋይ» ነው ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ ከ400,000 በላይ ዕቃዎችን የሚመለከት ነበር፦ ሽታ አልባውን መርዛም ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ለይተው የማያስጠነቅቁ መሣሪያዎች፣ ውሃ ሲነካቸው ኤሌክትሪክ የማያቋርጡ የፀጉር ማድረቂያዎች፣ በቀላሉ እሳት የሚይዝ የልጆች የሌሊት ልብስ። መደብሩ ገዢዎችን እንዲያስጠነቅቅና ገንዘብ እንዲመልስ ታዘዘ። አማዞንም ውሳኔውን በመቃወም በ2025 ክስ መሥርቷል። ስለዚህ መስመሩ እየተሰመረ ያለው አሁን ነው።

አንተ ምን አድርግ? ለመደብሩ ደግመህ ጻፍ፤ በዚህ ጊዜ «ገንዘቤን መልሱ» ብለህ አትጀምር። «አደገኛ ምርት ነው፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል» ብለህ ፎቶውን አያይዝ። የደኅንነት ጥቆማ የሚሄደው ወደ ሌላ ክፍል ነው። በአገርህ ላለው የሸማቾች ደኅንነት ቢሮም አሳውቅ። ከዚያ ባንክህን ጠይቅ፤ ክርክር የማቅረቢያ ጊዜ ስላለው ዛሬ ደውል።


ደንበኝነቴን የሰረዝኩ

ስለ ወርሃዊና ዓመታዊ ደንበኝነቱ ማንም አልጻፈም። ነፃ ማድረስ ለማግኘት የምንከፍለው ማለቴ ነው። አማዞን ፕራይምን በ2005 ሲጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ አንዴ ክፈልና በሁለት ቀን ይድረስህ። ችግሩ አንዴ ከከፈልክ በኋላ «የከፈልኩበት ነው» እያልክ ሌላ ቦታ አለማየትህ ነው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ዋጋ አላወዳደርኩም። ስሰርዘው ደግሞ ከገጽ ወደ ገጽ እየመራ «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል። የእኔ መደብር ሌላ ነው፣ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አማዞንን በዚሁ በፕራይም ምክንያት በ2023 ከሶ፣ በመስከረም 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማምተዋል፤ ከዚያ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው።

ከሰረዝኩ ወዲህ የምፈልገውን ዕቃ ቅርጫት ውስጥ አስገብቼ አልከፍልም፤ ሳምንት ይቆያል። ሳምንቱ ሲያልቅ ግማሹን አስወጣዋለሁ። ለማድረሻ እየከፈልኩም ቢሆን ወጪዬ ቀንሷል።


ባለላፕቶፑ

ሕግ አጥኚ እንዳልከው አድርጌ ነበር፤ ውጤቱን ልንገራችሁ። «የደኅንነት ጥቆማ» ብዬ ፎቶዎቹን ላክሁ። በሁለተኛው ቀን ሰው ደወለልኝ፤ እንደበፊቱ የተዘጋጀ ጽሑፍ አላነበበልኝም። የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ የባትሪው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ መቼ መነፋት እንደጀመረ ጠየቀኝ። ገንዘቡ ተመልሷል። ያስደሰተኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ከዚያ ነጋዴ ያንን ባትሪ ለገዙ ሌሎች ሰዎች እንጽፋለን አለኝ። እንደሚያደርጉት እጠባበቃለሁ። ገጹን ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ ዕቃው ወርዷል።

ከእንግዲህ የሚሰካ፣ የሚሞቅ፣ የሚዋጥና ሕፃን አፉ ውስጥ የሚከተው ነገር ከፋብሪካው ራሱ ወይም ከታወቀ ወኪሉ ብቻ ነው የምገዛው። ቦርሳ፣ መጽሐፍ፣ መደርደሪያ፣ የቤት ዕቃ ከትልቁ መደብር መግዛቴን እቀጥላለሁ፤ መስመሯን እያነበብኩ። ትንሿ ሻጭ፣ ለእናቴ ቦርሳ እፈልጋለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።


መጋዘን ነበርኩ

ደስ ብሎኛል። አንድ ጥያቄ ግን፣ ከተናደድክበት ቀን ጀምሮ ማንም ያልጠየቀህ። ያ ባትሪ አሁን የት ነው?


ባለላፕቶፑ

ከላፕቶፑ አውጥቼ በረንዳ ላይ፣ አሸዋ ባለበት ብረት ባልዲ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ምን እንደማደርገው ስላላወቅኩ ነው።


መጋዘን ነበርኩ

በደንብ ነው ያደረግከው። እኛም ጋ የተነፋ ባትሪ ሲመጣ አሸዋ ነበር። አትውጋው፣ አትጫነው፣ ቻርጅ አታድርገው፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣለው፤ በቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል። በፖስታም መልሰህ አትላከው፣ ቢጠይቁህም እንኳ። ባትሪ የሚሰበስብ ቦታ ደውልና «የተነፋ ሊቲየም ነው» ብለህ ቀድመህ ንገራቸው፤ የሚቀበሉት ለብቻው ነው። ጫፎቹ ላይ ያሉትን የብረት መነካኪያዎች በፕላስተር ሸፍናቸው። ልጁ በረንዳው ላይ እንዳይጫወት እስከዚያ ድረስ በሩን ቆልፈው።


ባለላፕቶፑ

ሸፍኛቸዋለሁ። በሩም ተቆልፏል። ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ።